በዓል፣ ሚዛንና ጓሮ፦ ከጅማ ለደረሱን ሦስት ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች ሦስቱ ከጅማ የመጡ ናቸው። ጸሐፊዎቹ አይተዋወቁም፤ ነገር ግን ሦስቱም በእምነታቸውና እንጀራ በሚያበላቸው ሥራ መካከል ስለተፈጠረው መጋጨት ይጠይቃሉ። የዚህ ዓምድ አዘጋጅ ልጅነቱን ያሳለፈው በዚያችው ከተማ፣ ከአዌቱ ወንዝ ብዙም ሳይርቅ ስለሆነ፣ በመልሱ መካከል የአገር ልጅ ወሬ ጣልቃ ቢገባ አንባቢ ይታገሠኝ። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናቸዋል፤ ስሞቹም በጸሐፊዎቹ ፈቃድ ሳይጠቀሱ ቀርተዋል።

ጥያቄ፦ «የ26 ዓመት ወጣት ነኝ። በዕፅዋት ሳይንስ ተመርቄ ሁለት ዓመት ያለ ሥራ ከተቀመጥሁ በኋላ ከከተማው ወጣ ብሎ በሚገኝ የእሸት ቡና መፈልፈያ በሚዛን ላይ ተቀጥሬያለሁ። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ እምነት ተከታይ ነኝ። ቡናው የሚደርሰው ከመስከረም መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ በመሆኑ ሥራው ከበዓላት ጋር ይጋጫል። ባለፈው ኅዳር 12፣ በሚካኤል ዕለት፣ ሥራ በመግባቴ እናቴ ሦስት ቀን አላነጋገረችኝም፤ በኅዳር 21 ጽዮን ደግሞ በመቅረቴ አሠሪዬ የዕለቱን ደመወዝ ቆረጠብኝ። የፕሮቴስታንት እምነት ተከታይ የሆነ የሥራ ባልደረባዬ ‹አገራችንን ድሃ ያደረጋት የእናንተ በዓል ነው፤ አውሮፓን ያበለጸጋት የእኛ እምነት ነው› ይለኛል። አንድ ሌላ ነገርም አለ፤ አሠሪዬ ከየጆንያው ግማሽ ኪሎ እየቀነስሁ እንድመዘግብ ያዘኛል። እምነቴ በሥራዬ ላይ እንዴት ሊመራኝ ይገባል?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ በደብዳቤህ ውስጥ ካሉት ነገሮች ሁሉ የሚከብደውን መጨረሻ ላይ «አንድ ሌላ ነገርም አለ» ብለህ በአንድ ዐረፍተ ነገር አልፈኸዋል። እኔ አንተ በጀመርህበት በበዓሉ እጀምራለሁ፤ ወደ ሚዛኑ ግን መመለሳችን አይቀርም።

ብዙ ሰው ሥራን የአዳም ቅጣት አድርጎ ያስባል። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 2 ቁጥር 15 ላይ ግን አዳም ገነትን እንዲያበጃትና እንዲጠብቃት የተቀመጠው ገና ሳይበድል ነው። ከበደሉ በኋላ የመጣው በሥራው ላይ የተጨመረው ወዝና እሾህ ነው። ሰንበትን ያዘዘው ቃልም ከዕረፍቱ አስቀድሞ «ስድስት ቀን ሥራ» ይላል፤ እኛ ግን ትእዛዙን ስንጠቅስ ከሰባተኛው ቀን መጀመር ይቀናናል። የገዳም ሕይወት አባት የሚባሉት አባ እንጦንስ በበረሃ በተሰላቹ ጊዜ መልአክ ተገልጦ ተቀምጦ ገመድ ሲታታ፣ ተነሥቶ ሲጸልይ፣ መልሶም ሲታታ እንዳሳያቸው የአባቶች ዜና ይነግረናል። በ4ኛው ክፍለ ዘመን በግብፅ የአንድነት ገዳምን ሥርዓት የዘረጉት አባ ጳኩሚስም መነኮሳቱን በየሙያቸው ያሠሩ ነበር። ስለዚህ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ በራሱ መንፈሳዊነት ነው የሚል ትምህርት ከአባቶች አልመጣም።

ስለ በዓላት ብዛት ግን እውነቱን እንነጋገር። በ5 አቦን፣ በ7 ሥላሴን፣ በ12 ሚካኤልን፣ በ16 ኪዳነ ምሕረትን፣ በ19 ገብርኤልን፣ በ21 ማርያምን፣ በ23 ጊዮርጊስን፣ በ27 መድኃኔዓለምን፣ በ29 በዓለ ወልድን ያለ ሥራ የሚያሳልፍ፣ ቅዳሜንና እሑድንም የሚጨምር ሰው ቢኖር፣ የሚደራረቡት ተቀንሰው እንኳ ከ30ው ቀን ግማሽ ያህሉን ሥራ ፈቶ ይውላል ማለት ነው። ቤተ ክርስቲያን ግን ዓመታዊውን በዓል ከወርኃዊው መታሰቢያ ለይታ ታያለች። በገጠርም ቢሆን ሕዝቡ ራሱ መለየትን ያውቅበታል፤ በብዙ ቦታ በበዓል ቀን ሞፈር አይጨበጥም፣ አጥር ግን ይታጠራል፣ የጎረቤት ቤትም ይሠራል። ስለ ዕረፍት መጠን መከራከርም ዛሬ የተጀመረ አይደለም። የ14ኛው ክፍለ ዘመን መነኩሴ የአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ተከታዮች ቅዳሜም እንደ እሑድ ይከበር ብለው መቶ ዓመት ያህል ሲከራከሩ ኖረው፣ ጉዳዩ የተቋጨው በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን፣ በ1450 እ.ኤ.አ. በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ነው። በዚያን ጊዜ ሊቃውንቱ የተከራከሩበትን ጉዳይ አንተ ዛሬ ብትጠይቅ ከሃዲ አያሰኝህም።

ኅዳር 12 ግን ዓመታዊ በዓል ነው፤ እናትህ ያለ ምክንያት አልተቆጣችም። እዚህ ላይ የቡናውን ጠባይ መመልከት ያስፈልጋል፤ አንተ ከእኔ በተሻለ ታውቀዋለህ። የተለቀመ እሸት ቡና በዕለቱ ካልተፈለፈለ ክምሩ ይሞቃል፣ ይቦካል፣ ጣዕሙም ይበላሻል፤ የሚበላሸውም የአንድ ገበሬ የዓመት ድካም ነው። ጌታ በወንጌል «ከእናንተ አህያው ወይም በሬው በጉድጓድ ቢወድቅ በሰንበት ወዲያው የማያወጣው ማን ነው?» ብሎ ጠይቋል። በዋዜማው ተለቅሞ የደረሰን ቡና መቀበልና መፈልፈል ለእኔ ከጉድጓዱ በሬ ጋር አንድ ነው። በበዓሉ ቀን አዲስ ለቀማ ማሰማራት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ዛፉ ላይ ያለ ቡና አንድ ቀን ይታገሣል። ይህን ልዩነት ይዘህ ወደ ንስሐ አባትህ ሂድ፤ እኔ የማላየውን የአንተን ሁኔታ እርሳቸው አይተው ይወስኑልሃል።

የጅማ ሰው ደግሞ ለዚህ የቆየ መላ አለው። አባቴ በርጩማና ወንበር በሚሠራበት የእንጨት ቤት ከአንድ ሙስሊም ባልደረባው ጋር በዓላቸውን ይለዋወጡ ነበር፤ አባቴ በአረፋና በመውሊድ፣ እንዲሁም በየጁምዓው የስግደት ሰዓት ቤቱን ይጠብቃል፤ ባልደረባው በገናና በፋሲካ፣ በሚካኤልም። ውል አልተጻፈም፣ አለቃም አላዘዛቸውም። አንተም ደመወዝህ ከመቆረጡ በፊት፣ መስከረም ላይ፣ ሙስሊም ባልደረቦችህን አነጋግረህ የቀን ለውጡን ለአሠሪህ ብታቀርብ በመጨረሻው ሰዓት ከመቅረት እጅግ ይሻላል። በበዓሉ ጠዋት ሰው ሳይተኩ መቅረት በሌላው ትከሻ ላይ በዓል ማክበር ነው።

የጓደኛህን ክርክር በአጭሩ ልመልስ ብዬ ነበር፤ አልሆነልኝም። ሐሳቡ የተወሰደው ጀርመናዊው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ማክስ ቬበር በ1904 እና በ1905 እ.ኤ.አ. ካሳተማቸው ጽሑፎች ነው። ቬበር እንደሚለው፣ ቀድሞ ለካህንና ለመነኩሴ ብቻ ይባል የነበረውን «ጥሪ» የፕሮቴስታንት እምነት ጀማሪ የሆነው ማርቲን ሉተር ለጫማ ሠሪውና ለገበሬውም ሥራ ተናገረው፤ ከእርሱ በኋላ የመጡት የካልቪን ተከታዮች ደግሞ የመዳናቸውን ምልክት በትጉህ ሥራ ውስጥ መፈለግ ጀመሩ፤ ያተረፉትንም በድሎት ስላልበተኑት ሀብቱ ተጠራቅሞ ሌላ ሥራ ወለደ። ይሁን እንጂ ቬበር እምነት ብቻውን አውሮፓን አበለጸገ አላለም። መጨረሻው ላይም ከትከሻ በቀላሉ እንደሚወርድ ካባ መሆን የነበረበት የንብረት ሐሳብ ሰውን የሚዘጋ የብረት ቤት ሆነ ብሎ ያዝናል። ጓደኛህ እስከዚያ ድረስ የደረሰ አይመስለኝም።

ከዚያም በላይ፣ ክርክሩ በጅማ ምድር ላይ መደረጉ ያስገርመኛል። ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. በነገሡት በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን፣ በጅሬን ቤተ መንግሥት ግርጌ የነበረው የሂርማታ ገበያ በምዕራብ ኢትዮጵያ ከታወቁት ገበያዎች አንዱ ነበር፤ ያደራጁትና ያደመቁት ነጋዴዎች ደግሞ በአብዛኛው ሙስሊሞች ነበሩ። ትጋት የአንድ ሃይማኖት ርስት አይደለም። በዚያው ገበያ ባሪያም ይሸጥ እንደነበር አንርሳ፤ የገበያ መድመቅ የጽድቅ ምስክር ሊሆን አይችልምና።

ጓደኛህ ያላነሣውን አንድ ነገር ግን እኔ ላንሣለት፤ ምክንያቱም እኛን በእውነት የጎዳን እርሱ ይመስለኛል። የደጋው ክርስቲያን ኅብረተሰብ ማረስን፣ መዝመትንና መቀደስን ሲያከብር ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ሸማ የሚሠራውን፣ ሸክላ የምትሠራውንና ቆዳ የሚፍቀውን ግን «ጠይብ»፣ «ቁጢት በጣሽ»፣ «ቡዳ» እያለ ሲያዋርድ ኖሯል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው መስደብን በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። በኦሪት ዘጸአት የድንኳኑን ዕቃ እንዲሠራ የእግዚአብሔር መንፈስ የሞላበት ባስልኤል አንጥረኛና እንጨት ጠራቢ ነበር፤ ጌታንም የአገሩ ሰዎች «ጸራቢው» ብለው ጠርተውታል። ይህን በየሰንበቱ እየሰማን በሰኞው ቀን ባለእጅን ስንንቅ ኖረናል። የድህነታችንን ምክንያት ለሚፈልግ ሰው በዓላቱን ከመቁጠሩ በፊት ይህን ንቀት እንዲቆጥር እመክረዋለሁ። አንተም ተመርቀህ ሚዛን ላይ በመቆምህ አፍረህ ከሆነ (የደብዳቤህ አጀማመር እንዲያ ያስመስላል) ማፈሩን ተወው።

እንግዲህ ወደ ሚዛኑ እንመለስ። ከአንድ ጆንያ ግማሽ ኪሎ ጥቂት ይመስላል፤ 34 ጆንያ ስትመዝን ግን 17 ኪሎ፣ ማለትም አንድ ፈረሱላ ሙሉ ሰርቀሃል። የተሰረቀችውም ልጆቿን አስከትላ ስትለቅም ከዋለች እናት ወይም ጆንያውን በትከሻው ተሸክሞ ከመጣ ሽማግሌ ነው። መጽሐፈ ምሳሌ «አባይ ሚዛን በእግዚአብሔር ፊት አስጸያፊ ነው» ሲል፣ የያዕቆብ መልእክት ደግሞ የተቀማው የአጫጆች ደመወዝ ራሱ ወደ እግዚአብሔር እንደሚጮኽ ይናገራል። በኅዳር 12 ባለመሥራትህ ሕሊናህ ቢያርፍና በኅዳር 13 ጠዋት ተመልሰህ ግማሽ ኪሎ ብትቀንስ፣ ያከበርኸው በዓል ምን ሊረዳህ ነው? እናትህም ስለ ሚካኤል ሦስት ቀን ካኮረፈች፣ ስለ ሚዛኑ ብታውቅ ስንት ቀን ልታኮርፍ እንደሚገባት አስብ።

አሠሪህን ለብቻው ስታገኘው፣ በአክብሮት ነገር ግን ሳትሸፋፍን፣ ያነበብኸውን ቁጥር ብቻ እንደምትጽፍ ንገረው። ቁጥሩንም ገበሬው ፊት ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብብ። ጥቅሙንም አስረዳው፤ ሚዛን የሚበላ ጣቢያ ወሬው ቀበሌውን ለማዳረስ ሁለት ገበያ አይፈጅበትም፤ ገበሬውም በሚቀጥለው ሳምንት ደኅናውን እሸት ለሌላ ሰብሳቢ ይዞ ይሄዳል፤ ለእናንተ የሚተርፈው ጥሬውና የተቀላቀለው ነው። ይህ ሁሉ ላያሳምነው ይችላል። ያን ጊዜ ሥራህን ልታጣ ትችላለህ፤ ይህን ሳልነግርህ ብቀር መልሴ ግማሹ ውሸት ይሆናል። ስለዚህ ከመናገርህ በፊት በገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራትና በሌሎች ጣቢያዎች ማመልከት ጀምር፤ የተማርኸው ሙያ በጅማ የሚፈለግ ሙያ ነው።

ጥያቄ፦ «የ22 ዓመት ሴት ነኝ። ለሱቆችና ለቡና ቤቶች በስልኬ አጫጭር ቪዲዮ እየቀረጽሁ በቲክቶክ በመልቀቅ እተዳደራለሁ። አባቴ በቤተ ክርስቲያን የሚያገለግሉ ናቸው፤ ‹ይህ ዓለማዊ ነገር ነው፣ ይህን ዓለም አትምሰሉ ተብሏል› ብለው አዘኑብኝ። በእርግጥ ከእምነቴ ጋር ይጋጫል? አንዳንድ ደንበኞች ደግሞ ያልቀመሱትን ቡና ‹ቀመስነው› የሚሉ ሰዎች አቀናጅቼ እንድቀርጽላቸው ይጠይቁኛል።»

መልስ፦ እኅቴ፣ የምትቀርጪው ነገር ቡና በመሆኑ ከቡና እንጀምር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የደጋው ክርስቲያን ቡና መጠጣትን የሙስሊሙ ልማድ ነው ብሎ ይሸሸው ነበር፤ የቤተ ክርስቲያን አባቶችም ምእመናኑን ይከለክሉ ነበር። በክፍለ ዘመኑ ማብቂያ አፄ ምኒልክ ራሳቸው ቡና መጠጣታቸውና ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስ ክልከላውን ማላላታቸው ነገሩን ለወጠው። ዛሬ ከቅዳሴ መልስ በካህኑ ቤት ሳይቀር ቄጠማ ተጎዝጉዞ፣ ዕጣን ጨሶ፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ይጠጣል። የሦስተኛው ስም ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ በረከት ነው፤ ቅድመ አያቶቻችን ይህን ቢሰሙ ምን ይሉ ነበር እያልሁ ብቻዬን የምስቅበት ጊዜ አለ።

ይህን የምነግርሽ አባትሽ ተሳስተዋል ለማለት አይደለም። ቅድመ አያቶቻችን ቡናውን ሲከለክሉ የፈሩት ፍሬውን አልነበረም፤ ከቡናው ጋር የሚመጣውን መመሳሰል፣ ልጆቻቸው ቀስ በቀስ ሌላ ሰው ይሆናሉ ማለትን ነበር። ፍርሃቱ ከንቱ አልነበረም፤ የተሳሳቱት የፈሩት ነገር በስኒው ውስጥ ያለ ስለመሰላቸው ነው። አባትሽም ስልኩን ሲያዩ የሚፈሩት ልጃቸው በሰው ዓይን ብቻ የምትኖር፣ ወዳጅ በበዛላት ቀን የምትደሰት፣ በቀነሰባት ቀን የምታዝን እንዳትሆን ይመስለኛል። ይህ ደግሞ እውነተኛ አደጋ መሆኑን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። «ይህን ዓለም አትምሰሉ» የሚለው የሐዋርያው ቃል ወዲያው «በልባችሁ መታደስ ተለወጡ» ብሎ ስለሚቀጥል፣ ስለ ዕቃው ከመናገሩ በፊት ስለ ልብ ይናገራል። ዕቃውንማ ቤተ ክርስቲያንም ተቀብላዋለች፤ ዛሬ የራሷ የቴሌቪዥን ጣቢያ አላት።

ሐሰተኛውን ቀማሽ ግን አትቅረጪ። ከላይ ለወንድማችን ስለ ሚዛን የጻፍሁት ሳይለወጥ ለአንቺም ይሠራል፤ ያልተቀመሰን «ተቀመሰ» ማለት በጆንያ ላይ የሌለ ኪሎ መጻፍ ነው። ለደንበኛው እውነተኛ ጠጪዎችን ጋብዞ እንዲያስቀምስና የሚሉትን እንዳለ እንድትቀርጪ አማራጭ ስጪው። እምቢ ካለ ይሂድ። አባትሽንም በቃል ከመከራከር አንድ ቀን ከፈቀዱልሽ ሥራሽን ስትሠሪ አብረውሽ እንዲውሉ ጋብዢያቸው፤ ስንት ሰዓት ተቀምጠሽ አንዲት ደቂቃ እንደምታዘጋጂ ሲያዩ፣ ጨዋታ የመሰላቸው ነገር ድካም መሆኑን ይረዳሉ።

ጥያቄ፦ «ባለቤቴ ካረፈ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ከጓሮዬ ጫት ለነጋዴ እየሸጥሁ ሦስት ልጆች አስተምራለሁ። እኔ ቅሜ አላውቅም፤ ቤቴም አይቃምም። በቅርቡ አንድ ሰባኪ ጫት የሚያበቅል ሰው አሥራቱ እንኳ ተቀባይነት የለውም ብለው አስተማሩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን ገብቼ መቆም ከበደኝ። ምን ላድርግ?»

መልስ፦ እናቴ፣ በመጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን መሄድዎን አይተዉ። ልጆችን ብቻዋን የምታሳድግን ሴት በሕዝብ ፊት የሚያሸማቅቅ ስብከት፣ ቃሉ ልክ ቢሆን እንኳ፣ አነጋገሩ ልክ አይደለም።

ስለ ነገሩ ግን የሚያስደስትዎትን ብቻ አልነግርዎትም። ቤተ ክርስቲያን ምእመናን እንዳይቅሙ ታስተምራለች፤ እኛ ለራሳችን የማንፈልገውን ለሌላው ልጅ መሸጥ ደግሞ ሕሊናን የሚቆረቁር ነገር ነው፤ እርስዎንም የቆረቆረዎት ለዚህ ይመስለኛል። ይሁን እንጂ ጫቱን ዛሬ ነቅለው ነገ ልጆችዎን ከትምህርት ቤት ማስወጣት ንስሐ አይባልም። ጫት በዓመት ደጋግሞ ይቀነጠባል፤ ቡና ግን ከተተከለ በኋላ ፍሬ ለመስጠት ሦስትና አራት ዓመት ይፈልጋል፤ የተዳቀለ አቮካዶም ቢሆን ወደዚያው ይጠጋል። ስለዚህ ጓሮውን በአንድ ጊዜ ሳይሆን በረድፍ ይቀይሩት። በዘንድሮው በጋ ከጫቱ አንድ አራተኛውን ነቅለው ጉድጓድ ያስቆፍሩ፤ ጉድጓዱ ጥቂት ወር ከርሞ፣ ብስባሽ ገብቶበት፣ ሰኔና ሐምሌ ላይ ችግኙ ይተከል። ችግኙ እስኪደርስ በመካከሉ ጎመንና ቆስጣ ቢዘሩ ለሐሙስ ገበያ የሚሆን ነገር አያጡም። የመጀመሪያው ረድፍ ማፍራት ሲጀምር የሚቀጥለውን ይነቅላሉ። ስለ ቡናው ዝርያ በቀበሌዎ ያለውን የግብርና ባለሙያ ያነጋግሩ፤ ከመልኮ የምርምር ማዕከል የወጡ፣ የፍሬውን በሽታ የሚቋቋሙ ዝርያዎች አሉና ዝም ብለው ከመንገድ ላይ አይግዙ።

ያን ሰባኪም ሲያገኟቸው አይሸሿቸው። ጫቱን ለመንቀል መወሰንዎን ይንገሯቸውና ለመጀመሪያው ረድፍ የሚሆነውን ችግኝ ሰንበቴው እንዲገዛልዎት በዚያው ዐውደ ምሕረት ላይ እንዲናገሩልዎት ይጠይቋቸው።